ዱንጉዛ ሥዕል አይደለም፣ ቁጥር ነው

 

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ አንድ አጭር ነገር ጽፌ ነበር። ለጊፋታ ተብሎ የተሠራ አንድ ፖስተር አየሁና «ይሄ ዱንጉዛ አይደለም» አልኩ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ከሥሩ የተደረደረውን ኮሜንት ያነበበ ሰው ግን አገር የካድኩ ሊመስለው ይችላል። «ቲቸር አርጅተዋል» ያለኝ አለ። እሱስ ልክ ነው፣ አርጅቻለሁ። «የቴክኖሎጂ ጠላት» ያለኝም አለ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ደግሞ በኢንቦክስ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ኤ.አይ. ካልወደዱ አይጠቀሙ፣ እኛን ግን ወደኋላ አይጎትቱን።»

ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ተበላ ክፍል ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራ ልጅ ነበር። ስለማከብረው በአንድ መስመር አልመልስለትም። ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ፖስተሩን ላስረዳ። ማን እንዳሠራው አልናገርም፣ ጉዳዬ ከሰው ጋር አይደለም። ቀይ አለው፣ ቢጫ አለው፣ ጥቁር አለው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ሲሉ ግን ነገሩ ይፈርሳል። በግራ በኩል ያለው ሹል 5 ደረጃ ወጥቶ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ያለው 7 ይወጣል፣ ሦስተኛው ወጥቶ ሳይወርድ ይጠፋል። ቀዩ መስመር ጥቁሩ ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። አንዱ ጥግ ላይ የጋናዎቹን ኬንቴ የሚመስል ካሬ አለ። ከታች ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ላይ የምናየው የመስቀል ጥለት ተለጥፏል። ከላዩ በትልቁ «የወላይታ ባህላዊ ዱንጉዛ» ተብሎ ተጽፎበታል።

እኔ የሒሳብ መምህር እንጂ ሸማኔ አይደለሁም። ስለዚህ በራሴ አልፈረድኩም። በገበያ ቀን ስልኬን ይዤ ተበላ ውስጥ ዕድሜውን በሙሉ ሲሸምን ወደኖረ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ያወራነው በወላይትኛ ነው፣ በአማርኛ ላቅርበው።

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ። ከዚያ «መምህር፣ ይሄን የሠራው ሰው ስንት ድር ዘርግቶ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰው አይደለም የሠራው፣ ማሽን ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ ማሽኑስ ስንት ድር ዘርግቶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን መለሱልኝና «ቁጥር የለውም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አልተቆጡም፣ አልሰደቡም። አንድ ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ሳያሳይ ሲቀር እኔ ራሴ የማደርገውን ነው ያደረጉት። ዜሮ ሰጡት።

እኔ የምከራከረውም ለዚህች ጥያቄ ነው።

ወዳጆቼ፣ «አልጎሪዝም» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ኮምፒውተር አይታያችሁ። ቃሉ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው። ያኔ ምን ኮምፒውተር አለ? ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከዚህ ጀምር፣ ይህን አድርግ፣ እዚህ ስትደርስ ተመለስ፣ ይህን ያህል ጊዜ ድገም፣ አቁም። ቅደም ተከተል ያለው፣ ማንም ቢከተለው ወደ አንድ ውጤት የሚያደርስ ትእዛዝ ነው።

ታዲያ ሸማኔው ምንድን ነው የሚሠራው? እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። አንዱን እግር ሲረግጥ ከድሩ ግማሹ ይነሣል፣ መወርወሪያውን ያሳልፋል። ሌላውን ሲረግጥ የቀረው ግማሽ ይነሣል፣ መልሶ ያሳልፋል። ይህ ሜዳው ነው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን እግር ብቻ አይበቃም። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፣ ባለ ቀለሙን ክር በመሃል ያስገባል፣ በሚቀጥለው ረድፍ ቁጥሩን በአንድ ያሸጋግራል። እያንዳንዱ የድር ክር ወይ ከላይ ነው፣ ወይ ከታች። ሦስተኛ ምርጫ የለም። አንድና ዜሮ ማለት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ ልጆቼ፣ ይሄን የት ነው የምታውቁት?

ባለካሬ ደብተር አምጡና አብረን እንሥራው። በመጀመሪያው ረድፍ 1ኛዋን ካሬ አጥቁሩ፣ በሁለተኛው ረድፍ 2ኛዋን፣ በሦስተኛው 3ኛዋን፣ እንዲህ እያላችሁ 6 ላይ ስትደርሱ ተመለሱ፦ 5፣ 4፣ 3፣ 2። ከዚያ እንደገና ከ1 ጀምሩ። እንደ ጦር ጫፍ ወጣ ገባ የሚል መስመር አገኛችሁ። አንዱ ዙር ስንት ረድፍ ፈጀ? 10። ጨርቁ በጠቅላላ 240 ረድፍ ከሆነ 24 ሹል ይወጣዋል፣ ልክ ጫፉ ላይ ያልቃል። አሁን የሹሉን ቁመት 7 አድርጉት። ዙሩ 12 ረድፍ ይሆናል፣ 240 ለ12 ሲካፈል 20፤ አሁንም ልክ ነው። 8 አድርጉትስ? ዙሩ 14 ነው። 240 ለ14 እኩል አይካፈልም። 17 ሹል ይወጣና 2 ረድፍ ይተርፋል፣ አዲሱ ሹል ገና ብቅ ሲል ጨርቁ ያልቃል።

ሸማኔው ይህን ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ባያውቀው ኖሮ የስንት ቀን ሥራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይበላሽበት ነበር። እኔ ማካፈልንና ብዜትን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያሉት ሰውዬ ያንኑ ነገር በጣታቸው ይሠሩ ነበር። ያኔ ተማሪዎቼን አንድ ቀን እንኳ ወስጄ አላሳየሁም። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ቀጥታ መስመር እየተደጋገመ የሚሄድ ጌጥ፣ የልብስ ጥለት ይሁን የብራና ሐረግ፣ የሚደጋገምበት ደንብ 7 ዓይነት ብቻ እንደሆነ የሒሳብ ሰዎች አረጋግጠዋል። ዝም ብሎ መቀጠል፣ በመስታወት እንደታየ መገልበጥ፣ ግማሽ ዙር መዞር፣ እየተገለበጡ መራመድ፣ የእነዚህ ድብልቅ፤ ሁሉም ተደምሮ 7። ስምንተኛ የለም። የፈለገው ኮምፒውተር ቢመጣ ስምንተኛ አይጨምርም። ሸማኔ በእነዚያው ደንቦች ላይ ነው ቀለሙን፣ ቁጥሩንና የእጁን ባህርይ የሚጨምረው። አሜሪካዊው ሮን ኢግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «አፍሪካን ፍራክታልስ» በተባለ መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀሎች ሳይቀር አንሥቷል፤ ከትልቁ መስቀል ክንድ ላይ ትንሽ መስቀል፣ ከትንሹ ላይ ሌላ ትንሽ፣ ያው ትእዛዝ በራሱ ላይ እየተደገመ የሚሄድበትን አሠራር። እኛ «ባህል» ብለን ሳጥን ውስጥ የቆለፍነውን ሰውየው «ሒሳብ» ብሎ አነበበው።

«የቴክኖሎጂ ጠላት» ላላችሁኝ ደግሞ ትንሽ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጃካርድ ጥለት የሚያወጣ የሽመና ማሽን ሠራ። ትእዛዙ የተቀመጠው በተበሳሳ ካርቶን ላይ ነው፤ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል። ካርቶኑን ስትቀይር ጥለቱ ይቀየራል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ይህን ሐሳብ ወስዶ ለሒሳብ ማሽኑ ንድፍ ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ1843 ስለዚህ ማሽን የጻፈችው ኤዳ ላቭሌስ ማሽኑን ያመሳሰለችው ከጃካርድ ሽመና ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካ ሕዝቧን ስትቆጥር የተጠቀመችበት ማሽንም በተበሳሳ ካርድ የሚሠራ ነበር፣ ከዚያ ሥራ የተነሣው ድርጅት በኋላ አይ.ቢ.ኤም. ሆነ። እንግዲህ ኮምፒውተር ከሽመና ቤት የተወለደ ልጅ ነው። ሽመናን «ኋላቀር»፣ ኮምፒውተርን «ዘመናዊ» የሚል ሰው አባትና ልጅን እያጣላ ነው።

ታዲያ ከኮምፒውተር ጋር ካልተጣላሁ ጠቤ ከማን ጋር ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ፣ ምክንያቱም በኮሜንቱ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቋል። ኮምፒውተር ጌጥ የሚያወጣበት አንዱ መንገድ ደንብ ተጽፎለት ነው። «6 ድር ውጣ፣ ተመለስ፣ ቀለም ቀይር፣ 24 ጊዜ ድገም» ትለዋለህ፣ ያንን ያወጣል። ቁጥሩ አለ። ዕቅዱ ሸማኔው ጋ ቢሄድ ሊሸመን ይችላል። ተማሪ ሊማርበት ይችላል። ሸማኔው ራሱ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ሹሉን 7 ብናደርገው እንዴት ይሆናል?» ብሎ ክር ሳያባክን ስክሪን ላይ ሊያይ ይችላል። ይህን እኔ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። እንዲያውም የት ነበራችሁ እስከ ዛሬ?

ሁለተኛው መንገድ ፖስተሩ የተሠራበት ነው። ማሽኑ ከኢንተርኔት የተለቀመ ምስል ከነመግለጫው ይሰጠዋል። ከእነዚህ የምስል ክምችቶች በይፋ የሚታወቀው አንዱ ብቻ ከ5 ቢሊዮን በላይ ምስል አለበት። ማሽኑ ከዚያ ውስጥ የትኛው ቃል ከምን ዓይነት መልክ ጋር እንደሚሄድ ይለማመዳል። «የኢትዮጵያ ባህላዊ ልብስ» ስትለው ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ያንን ሊመስል የሚችል ነገር ያወጣልሃል። ድር የለውም፣ ማግ የለውም፣ ረድፍ አይቆጥርም። ከዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ የወላይታ ስንት ነው? በወላይታ ስም በትክክል የተጻፈበትስ? ስለዚህ የጎደለውን ከበዛው ይሞላል። የበዛው ደግሞ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ፣ ኬንቴና በጅምላ «አፍሪካዊ» የሚባለው ነገር ነው። እኔ ራሴ በስልኬ ሞክሬዋለሁ። «የወላይታ ዱንጉዛ» ብዬ ብጽፍለት ስድስት ጊዜ ስድስት የተለያየ ጨርቅ አመጣልኝ፤ ሁሉም ያምራል፣ አንዱም ዱንጉዛ አይደለም።

የእኔ ትውልድ ወላይታ ይሄን ነገር ከዚህ በፊት አይቶታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አንድ ላይ ጨፍልቀው «ዎጋጎዳ» የሚል የመማሪያ መጽሐፍ አመጡልን። አራቱም ዘመዳሞች ናቸው፣ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ ቢወሰድ ሁሉም ይግባባል ተባለ። የማንም እናት የማትናገረው ቋንቋ ሆነ። ሕዝቡ አልቀበልም አለ፣ ሰው ሞተበት፣ መጽሐፉም ተነሣ። ያን ጊዜ የተቃወምነው ጎረቤቶቻችንን ጠልተን አይደለም። አማካይ ተወስዶ በስማችን ስለተጠራ ነው። ታዲያ ዛሬ ማሽን አማካይ ወስዶ «የእናንተ ነው» ሲለን በራሳችን እጅ ላይክ የምናደርገው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ፣ ክርክሩ የቁንጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልጽፍም ነበር።

በእጅ የተሸመነ ዱንጉዛ ቀናት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ጥጡን ያዘጋጀች፣ እንዝርት ያሾረች እናት አለች። ፖስተር ላይ ያለው ምስል ግን በደቂቃ ፖሊስተር ጨርቅ ላይ ይታተማል፣ ቲሸርት ይሆናል፣ ሻርፕ ይሆናል፣ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ይሆናል። ይህ ግምት አይደለም። የሐበሻ ልብስ ላይ የሆነውን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና መርካቶ የሄደ ሁሉ ያውቃል፤ ጥለቱ ፎቶ ተነሣ፣ ቻይና ተልኮ ታተመ፣ ተመልሶ መጥቶ ከእጅ ሥራው ጎን በትንሽ ዋጋ ተሰቀለ። ያኔ ቢያንስ የሚገለብጡት እውነተኛ ጥለት ነበር፣ አንድ ሸማኔ የሆነ ቦታ ሠርቶት ነበር። አሁን ለመገልበጥም ሸማኔው አላስፈለገም።

የዋጋው ጫና የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ ደካማው ላይ ነው። ከወላይታና ከጋሞ ሕፃናት «እናስተምርሃለን» እየተባሉ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ይወሰዱ እንደነበር እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእጅ ሥራ ዋጋ በወረደ ቁጥር ርካሽ እጅ ይፈለጋል። ከሕፃን እጅ የሚረክስ የለም። የሸማኔውን ዋጋ የሚያወርድ ነገር ሁሉ መጨረሻው የት እንደሆነ አስቡ። እነዚያ አዛውንት ዛሬ አጠገባቸው ሙያውን የሚማር ልጅ የላቸውም። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሲደወልላቸው ስለ ሽመና አያወሩም።

እሺ፣ አሁን እናንተ ያነሣችሁትን ላንሣ። ጠንካራ ጠንካራ ነገር ብላችኋል፣ ዘልዬ አላልፈውም።

«ቲቸር፣ በእጅ የተሸመነውን ድሃ ተማሪ በምን ይገዛዋል? ለጊፋታ ቲሸርት መልበስ ኃጢአት ነው?» ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ኃጢአት አይደለም። የወላይታ ዲቻ ደጋፊ ሁሉ በእጅ የተሸመነ ካልለበስክ ስታዲየም አትግባ አልልም። ይታተም! ግን ሲታተም ሁለት ነገር ይሁን። አንደኛ፣ የሚታተመው ቁጥር ያለው ጥለት ይሁን፣ ማለትም ሸማኔ ቆጥሮ የሰጠው፣ የተከፈለውም። ሁለተኛ፣ «የዱንጉዛ ጥለት የታተመበት» ይባል እንጂ «ዱንጉዛ» አይባል። የቅቤ ሽታ ያለው ዘይት ቅቤ ተብሎ ሲሸጥ ዝም ትላላችሁ?

«ባህል ይለወጣል፣ ሸማኔውም ዛሬ የፋብሪካ ክር ነው የሚጠቀመው።» ልክ! ቀዩም ቢጫውም ክር ከሱቅ ነው የሚገዛው። ማንም ንጹሕ ነኝ አላለም። ነገር ግን ክሩን የመረጠው፣ የቆጠረው፣ «ይሄኛው ቀለም አይሆንም» ብሎ የመለሰው ሸማኔው ነው። ለውጡ በእሱ እጅ አለፈ። እኔ የምቃወመው ሳይጠየቅ፣ ሳይከፈለው፣ ሳያውቅ የሚደረገውን ነው። ያኛው ከለውጥ ይልቅ ምትክ ይመስለኛል።

«ዱንጉዛ የጋሞም ነው፣ ምን የወላይታ ብቻ ታደርጉታላችሁ?» ወገኖቼ፣ የዶርዜና የጋሞ ሸማኔ የአገሪቱ የሽመና ምሰሶ ነው፣ እኔ ከእነሱ ጋር የምከራከርበት ጉልበትም ምክንያትም የለኝም። እንዲያውም ማሽኑ ሁለታችንንም ነው አንድ ድስት ውስጥ የከተተን። የየራሳችንን ቁጥር የያዝን ሁለት ጎረቤቶች ብንሆን ይሻለናል። በዚህ ጉዳይ ብሔር እየጠራ የሚሳደብ ኮሜንት ካየሁ አጠፋለሁ፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

«እርስዎ ማሽን ሰባሪ ነዎት» ያልከኝ ደግሞ አለህ፣ እንግሊዝ አገር ከ200 ዓመት በፊት ማሽን የሰበሩትን ሠራተኞች ማለትህ ነው። ልጄ፣ የእነዚያን ሰዎች ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብበው። ብዙዎቹ ራሳቸው በማሽን ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ካስቆጣቸው ነገር አንዱ ማሽኑ የሚረባ ያልሆነ ዕቃ በጥሩው ዕቃ ስም እያወጣ የእነሱን ደሞዝ መጣሉ ነው። ስድብህን እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ።

ስም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ነገሩ ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 ተስማሙ። ጤፋችንንም አንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ አይጸናም አለ። ቡናና ጤፍ ላይ የነቃን ሰዎች ጥለት ላይ ስንደርስ ለምን እናንቀላፋለን? በአንጻሩ ምዕራብ አፍሪካን እዩ። ሆላንዶች የጃቫን ባቲክ በማሽን አስመስለው ሠርተው እዚያ ሸጡት፣ ሕዝቡ ወደደው፣ ዛሬ ዓለም «የአፍሪካ ጨርቅ» ይለዋል። አሁን ደግሞ ያንኑ የሆላንዱን በርካሽ የሚያስመስል ሌላ መጣበት። የማስመሰሉ ሰንሰለት ሲረዝም የመጀመሪያዋን የጃቫ ሴት ስም የሚጠራ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምህር ነኝና የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልለቃችሁም።

አንደኛ፣ በመንግሥት ገንዘብ ለበዓል ፖስተርና ልብስ የምታሠሩ ሁሉ፣ «ዱንጉዛ» የሚለውን ስም ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ሸማኔ አሳዩት። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ለግራፊክስ ባለሙያው የምትከፍሉት ካለ ለሸማኔውም የሚሆን አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ስንት ድር፣ ስንት ረድፍ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀድሞ እንደሚገባ በደብተር፣ በቪዲዮ፣ በካሬ ወረቀት ይቀመጥ። ከነስማቸው። «የሕዝብ ሀብት» እያልን ሰውየውን አንደምስሰው፣ የሕዝብ ሀብትም የያዘው እጅ አለው። ቁጥሩን ለሰው ማሳየት የማይፈልጉ ካሉም ይከበርላቸው።

ሦስተኛ፣ የሒሳብ መምህራን፣ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። ልጆቹን ሽመና ቤት ውሰዷቸው። ብዜት፣ አካፋይ፣ ነጸብራቅ፣ ዙረት፣ ሁሉም እዚያ አለ። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ስለ ባቡር ነው፣ ተበላ ደግሞ ባቡር የለም።

አራተኛ፣ ኮድ የምትጽፉ ልጆቼ፣ ይሄ የእናንተ ነው። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉም፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁም። ሸማኔው ቁጥር ሲያስገባ ጥለቱን የሚያሳየው፣ ክሩ ስንት እንደሚፈጅ የሚያሰላለት፣ ጫፉ ላይ ሹሉ እንደሚቆረጥ አስቀድሞ የሚነግረው ነገር በስልክ ላይ ብትሠሩለት ምን ያህል ይጠቅመው ነበር! እላይ የሠራነው የ240 ረድፍ ስሌት 10 መስመር ኮድ አይፈጅም። ተራ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ኢንቦክስ ላይ ዝም ያልኩህ ተናድጄ አልነበረም፣ ይህን እየጻፍኩ ነበር። ወደኋላ አልጎተትኩህም። አንተ የያዝከው መሣሪያ ሥዕል ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ እኔ የምልህ አሠራሩን ጠይቅ ነው። ክፍል ውስጥም «መልሱ 24 ነው» ስትለኝ «እንዴት?» እልህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? አሁንም ያው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፕህን ይዘህ ና። ከሶዶ አርባ ምንጭ የሚሄደውን መኪና ያዝና ተበላ ውረድ፣ መናኸሪያው ጋ እጠብቅሃለሁ። ሰውዬው ጋ እወስድሃለሁ። ቁጥሩን እሳቸው ይንገሩህ፣ አንተ ጻፈው፣ ከዚያ ስክሪኑን አሳያቸው። «ስንት ድር ነው?» ሲሉህ ቁጥር ይዘህ ከመለስክላቸው፣ በዚያው ቀን «ተሳስቻለሁ» ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ ስምህን ጠርቼ እጽፋለሁ። የመኪናውን እኔ እከፍላለሁ፣ ለእሳቸው የሰዓታቸውን ግን አንተ ትከፍላለህ።

ሌሎቻችሁም፣ ቤታችሁ አሮጌ ዱንጉዛ ካለ ሳጥኑን ክፈቱና አንዱን ሹል ቁጠሩት። ስንት ደረጃ ይወጣል? ስንት ረድፍ ላይ ይደገማል? ማን ነው የሸመነው? ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔም የአባቴን ከሳጥን አውጥቼ እየቆጠርኩ ነው።

ሰላም ዋሉ።